ኮምፒዩተር በራሱ ፈቃድ የሚያስገባቸውን ድራይቨሮች ስለ መቈጣጠር

በዛሬው ጊዜ ነጋዴ የሆነ ሁሉ፣ ሱቁ ትንሽም ቢሆን ትልቅ፣ የሂሳብ መዝገቡን፣ የዕቃውን ዝርዝርና የደንበኞቹን ደብዳቤ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ለምዷል። ከነዚህም ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተገዙ ሳይሆኑ፣ ቀን ልጆች ትምህርታቸውን የሚያጠኑባቸው፣ ማታ ደግሞ ወላጆች የዕለቱን ሽያጭ የሚያሰሉባቸው የቤት ዕቃዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ትናንት ማታ ደኅና ሲሠራ ቈይቶ፣ ዛሬ ጧት ማተሚያው አልታዘዝ የሚልበት፣ ወይም የባርኮድ ማንበቢያው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። የጨረታ ሰነድ እስከ አራት ሰዓት ማስገባት ያለበት ነጋዴ በዚያች ጧት ምን ያህል እንደሚቸገር ለአባሎቻችን መንገር አያስፈልግም። ባለቤቱ «ማንም ሳይነካው እንዴት ተበላሸ?» ብሎ ይጠይቃል። የነካው ግን አለ፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው።

ይኸውም ኮምፒዩተሩ ሌሊት ወይም ባለቤቱ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ፣ በኢንተርኔት አማካይነት አዲስ ድራይቨር አምጥቶ በአሮጌው ቦታ ስለሚተካ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ምን እንደ ሆነና እንዴት ሊገዛ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ሐሳቡም በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው፤ አውቶማቲኩን አሠራር ፈጽሞ መዝጋት አይገባም፤ ነገር ግን የንግዱ ሥራ የተንጠለጠለበት አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ድራይቨሩ የሚለወጠው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ሊሆን ይገባል። እዚህ የሚነገረው ስለ ዊንዶውስ 10 እና ስለ ዊንዶውስ 11 ነው። የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ «ይህን ገጽ አትም» ብሎ ሲያዝ፣ ትእዛዙን ማተሚያው በሚገባው ቋንቋ ለውጦ የሚያደርስ ድራይቨሩ ነው። የድምፅ ማጉያው፣ የስክሪኑ፣ የዋይፋዩ፣ የዲጂታል ሚዛኑ እያንዳንዱ የራሱ አስተርጓሚ አለው። መሣሪያው ጤነኛ፣ ኮምፒዩተሩም ጤነኛ ሆኖ ሳለ አስተርጓሚው ቢሳሳት፣ ሁለቱ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተያይተው ዝም ይላሉ።

ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ድራይቨሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ እልፍኝ ውስጥ ገብተው ስለ ሆነ፣ የአንዱ መሰናከል ኮምፒዩተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቅ ምሳሌ በሐምሌ 19 ቀን 2024 የደረሰው ነገር ነው። በዚያ ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ፕሮግራም ኩባንያ ለድራይቨሩ የላከው አንድ ስሕተት ያለበት ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን በአንድ ጊዜ አቆመ፤ አየር መንገዶችና ባንኮችም ሥራቸው ተስተጓጐለ። ይህ ዊንዶውስ በራሱ ያመጣው ድራይቨር አልነበረም፤ ነገር ግን እልፍኝ የገባ አስተርጓሚ ሲሳሳት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በግልጽ አሳይቷል።

ቀድሞ፣ ማለት ከ1995 በፊት፣ አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው ድራይቨሩን ከዲስኬት ላይ እያስገባ፣ ቍጥሮችንም በእጁ እያስተካከለ ይደክም ነበር። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ግን «ሰክተህ ተጠቀም» የተባለው አሠራር በሰፊው ተጀመረ። ኋላም ዊንዶውስ ድራይቨሮችን ከኢንተርኔት፣ ዊንዶውስ አፕዴት ከሚባለው አገልግሎት፣ ራሱ እየፈለገ ማምጣት ያዘ። ይህ ለሕዝብ ትልቅ ዕረፍት መሆኑ አይካድም። ዛሬ አንድ ሰው ማውዝ ወይም የቍልፍ ሰሌዳ ገዝቶ ሲሰካ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ የሚሠራለት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚመርጠው በምን ሚዛን ነው?

እያንዳንዱ መሣሪያ ሲሰካ መለያ ቍጥሩን ይናገራል። በዩኤስቢ የሚሰካ መሣሪያ ለምሳሌ ሁለት ቍጥሮች አሉት፤ አንዱ የአምራቹ ኩባንያ ቍጥር ሲሆን ሁለተኛው የዕቃው ዐይነት ቍጥር ነው። ዊንዶውስ ይህን ቍጥር ይዞ በመጀመሪያ በራሱ ጎተራ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች ይመረምራል፤ ቀጥሎም ወደ ዊንዶውስ አፕዴት ሄዶ ይጠይቃል። ከአንድ የሚበልጡ ድራይቨሮች ቢያገኝ የታመነ ፊርማ ያለበትንና ከመለያ ቍጥሩ ጋር በይበልጥ የሚስማማውን ያስቀድማል። በዚህ ሁሉ እኩል ከሆኑ ደግሞ ቀኑ የቀረበውን፣ የእትሙም ቍጥር ከፍ ያለውን ይመርጣል።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ዊንዶውስ ቍጥርን፣ ፊርማንና ቀንን ያመዛዝናል እንጂ «አሁን ያለው ድራይቨር ሥራውን በደንብ ይሠራልን?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው። አዲስ ድራይቨር ለአብዛኛው ሰው የተሻለ ቢሆንም፣ ለአንድ ለተለየ መሣሪያ ግን የባሰ ሊሆን ይችላል። በደኅና የሚሠራውን ያለ ምክንያት መለወጥ፣ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዐይነት ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ልዩ ድራይቨር በጠቅላላ ድራይቨር መተካቱ ነው። የደረሰኝ ማተሚያ ከአምራቹ የመጣው ድራይቨር ወረቀቱን ልክ በሆነ ስፋት ያትማል፣ ሲጨርስ ይቈርጣል፣ የገንዘብ ሳጥኑንም ይከፍታል። ለብዙ ዐይነት ማተሚያዎች የተሠራው ጠቅላላ ድራይቨር ግን ጽሑፉን ብቻ አትሞ፣ መቍረጡንና ሳጥን መክፈቱን ሊተወው ይችላል። ኮምፒዩተሩ «ተሳክቷል» ብሎ ይመሰክራል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ሳጥኑን በቍልፍ እየከፈተች ትውላለች።

ሁለተኛው ምክንያት በመሣሪያው ውስጥ ያለው ክፍል አሮጌ ወይም አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ነው። ይህ ነጋዴን በይበልጥ የሚመለከት ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ሚዛንን፣ ደረሰኝ ማተሚያንና ሌላውንም የቈየ መሣሪያ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለችው። ከነዚህ ቺፖች የታወቁትን የሚሠራ ኤፍቲዲአይ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ አለ። ቺፖቹ በገበያ ስለ ተፈለጉ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች በዙ። በጥቅምት 2014 ኩባንያው ያወጣው አዲስ ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ተሠራጨ። ድራይቨሩም የተሰካው ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ሲያገኘው የዕቃ መለያ ቍጥሩን ወደ ዜሮ ይለውጠው ነበር። ቍጥሩ የጠፋበት መሣሪያ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር እንኳ ቢወሰድ የሚያውቀው አላገኘም። ገመዱን የገዛው ሰው ውስጡ ያለው ቺፕ አስመሳይ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው፣ ከየአገሩ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣና ድራይቨሩ ከዊንዶውስ አፕዴት ተነሣ። አስመሳይ ዕቃ መሥራት ጥፋት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ የቅጣቱ በትር ያረፈው በሠራው ሳይሆን ገዝቶ በሚሠራበት ሰው ላይ ነበር።

ፕሮሊፊክ የተባለው የታይዋን ኩባንያም እንደዚሁ፣ አዲሶቹ ድራይቨሮቹ አሮጌ ቺፖቹን እንዳያገለግሉ አደረገ። እንዲህ ያለ ገመድ አዲስ ድራይቨር ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ፣ ቺፑ ከ2012 ጀምሮ ከሥራ የወጣ መሆኑንና ሻጩን ማነጋገር እንደሚገባ የሚገልጽ ጽሑፍ በዲቫይስ ማኔጀር ላይ ይታያል። ብዙ ሰዎች ወደ ቀድሞው ድራይቨር ሲመልሱት ግን ያው ገመድ እንደ ገና ሠርቶላቸዋል። ስለዚህ ነጋዴው ገመዱ ሞተ ብሎ ከመጣሉ በፊት ድራይቨሩን መመርመር ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። የኮምፒዩተሩን መሠረታዊ አነሣሥ የሚመራው ፈርምዌር የሚባለው ፕሮግራም በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ እንደ ድራይቨር ሆኖ በዊንዶውስ አፕዴት ይመጣል። ይህ በሚጫንበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ አልነሣ ሊል ይችላል።

ሁሉን መዝጋትስ ለምን አይገባም?

ከዚህ በላይ የተነገረውን የሰማ ሰው «እንግዲያስ አፕዴቱን በሙሉ እዘጋለሁ» ሊል ይችላል። አንዳንድ ጥገና ሠራተኞችም ይህንኑ ለደንበኞቻቸው ያደርጋሉ። ነገር ግን ይህ ሌባን በመፍራት የቤትን በር ከውጭ ቈልፎ ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፤ እሳት ቢነሣ መውጫ የለም። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይሎችን ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም 150 ያህል አገሮችን ሲያጠቃ፣ የተጐዱት ኮምፒዩተሮች ከ200,000 በላይ ይገመታሉ። ማይክሮሶፍት ግን ያ ፕሮግራም የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2017 አውጥቶ ነበር። ማሻሻያውን በጊዜው የተቀበሉት ከዚያ ጥቃት ተጠበቁ፤ ካልተቀበሉት ብዙዎቹ ተያዙ። የዓመታት የሂሳብ መዝገብ ያለው ነጋዴ በዚህ ሊጫወት አይገባውም። እንዲያውም ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚሠሩ ሁሉ ስለ ጥበቃው ማሻሻያ ከወዲሁ ማሰብ ይኖርባቸዋል።

ስለዚህ የጥበቃ ማሻሻያና የድራይቨር ለውጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሳይዘገይ ይግባ፤ ሁለተኛው በፈቃድ ይግባ።

ሥልጣኑን ለመወሰን የሚደረጉ ነገሮች

1ኛ፤ መሣሪያዎቹን መመዝገብ። በዊንዶውስ መነሻ ምልክት ላይ በማውዙ የቀኝ ቍልፍ ሲጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀር የሚለውን ይክፈቱ። ንግዱ ያለ እርሱ የማይሄደውን መሣሪያ መርጠው ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎም ድራይቨር በሚለው ገጽ ላይ ያለውን ቀንና የእትም ቍጥር በወረቀት ይጻፉ። ይህ የሚደረገው ሁሉም ነገር በደኅና በሚሠራበት ቀን ነው። ከተበላሸ በኋላ መመዝገብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

2ኛ፤ የሚሠራውን ድራይቨር ቅጂ ማኖር። ድራይቨሩን ከአምራቹ ኩባንያ ድረ ገጽ አውርደው በፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ ከመሣሪያው ጋር የመጣ ሲዲ ካለም አይጣል። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2023 የሌሎች አምራቾችን የማተሚያ ድራይቨሮች በዊንዶውስ አፕዴት ማደሉን ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ ያስታወቀ በመሆኑ፣ አሮጌ ማተሚያ ያለው ሰው የራሱን ቅጂ መያዙ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

3ኛ፤ የመመለሻ ነጥብ ማበጀት። ሲስተም ፕሮቴክሽን በሚባለው ገጽ ላይ ሪስቶር ፖይንት መፍጠር ይቻላል። ይህም ኮምፒዩተሩ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ አስታውሶ፣ ነገ ቢሰናከል ወደዚህ እንዲመለስ ያደርገዋል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል።

4ኛ፤ የአውቶማቲኩን በር ማጥበብ። በኮምፒዩተሩ መፈለጊያ ላይ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ ብለው ሲጽፉ፣ ከአምራቾች የሚመጣውን በራሱ ያውርድ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ትንሽ ገጽ ይወጣል፤ «ኖ» የሚለውን መርጠው ያስቀምጡ። ይህ ብቻውን ግን ሁሉን አይዘጋም። ዊንዶውስ ፕሮ የተባለው ዐይነት ያላቸው ሰዎች ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው ውስጥ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ክፍል፣ «ዱ ኖት ኢንክሉድ ድራይቨርስ ዊዝ ዊንዶውስ አፕዴትስ» የሚለውን ትእዛዝ ማጽናት ይችላሉ። ይህም የጥበቃው ማሻሻያ እንዲገባ፣ ድራይቨሩ ግን እንዲቀር ያደርጋል። ዊንዶውስ ሆም የተባለው ዐይነት ይህን የመቈጣጠሪያ ገጽ አልያዘም። ስለ ሆነም ትእዛዙን በሬጂስትሪ ውስጥ የሚያስገባ የታመነ ባለሙያ መጥራት ይሻላል፤ ሬጂስትሪ ላልለመደ እጅ የሚሰጥ ቦታ አይደለም።

5ኛ፤ አንዱን መሣሪያ ለይቶ መጠበቅ። ሌሎቹ ድራይቨሮች እንደ ልባቸው ይለወጡ፣ የሚዛኑ ገመድ ብቻ አይነካ ለሚል ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲቴይልስ ከሚለው ገጽ የመሣሪያውን ሃርድዌር አይዲ፣ ማለት መለያ ቍጥሩን፣ ቀድቶ በግሩፕ ፖሊሲ የዲቫይስ ኢንስታሌሽን ክፍል ውስጥ በክልክል ዝርዝር ማስገባት ነው። እዚያው ላይ ክልከላው አስቀድሞ የተጫነውን መሣሪያ ጭምር ይመልከት እንደ ሆነ የሚጠይቀው ሳጥን ምልክት እንዳይደረግበት ይጠንቀቁ፤ አለዚያ የሚሠራው መሣሪያ ራሱ ይቆማል። ገመዱም ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ላይ ይሰካ፤ ወደ ሌላ ቀዳዳ ቢዛወር እንደ አዲስ መሣሪያ ተቈጥሮ ሊከለከል ይችላልና።

6ኛ፤ በወር አንድ ቀን መርጦ መመርመር። በሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኦፕሽናል አፕዴትስ በሚለው ሥር የቀረቡትን ድራይቨሮች ይመልከቱ። መሣሪያው ችግር ከሌለበት ይለፉት፤ ችግር ካለበትና መድኀኒቱ ይኸው ከሆነ ግን ገበያ ከተዘጋ በኋላ ይጫኑት፤ ወዲያውም አንድ ደረሰኝ አትመው ይሞክሩት።

አስቀድሞ ቢበላሽስ?

አዲሱ ድራይቨር ገብቶ መሣሪያው ከቆመ፣ በዲቫይስ ማኔጀር ድራይቨር በሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለውን ቍልፍ ይጫኑ፤ የቀድሞው ይመለሳል። ቍልፉ ደብዝዞ የማይታዘዝ ከሆነ ዊንዶውስ የቀድሞውን ቅጂ አልያዘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አፕዴት ድራይቨር የሚለውን ተጭነው፣ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ዝርዝር ራስዎ እንዲመርጡ የሚፈቅደውን መንገድ ይከተሉ፤ ወይም በፍላሽ ያኖሩትን ይጫኑ። የተመለሰው ድራይቨር እንደ ገና እንዳይለወጥ፣ ከላይ በ4ኛና በ5ኛ የተነገረው እስኪፈጸም ድረስ አፕዴቱን ለጊዜው ማቆም ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ይህን እስከ አምስት ሳምንት ይፈቅዳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን መልሶ መክፈት እንዳይረሳ።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ሀ) «ድራይቨሮችዎን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድሳለሁ» እያሉ በኢንተርኔት ላይ የሚያስተዋውቁ ፕሮግራሞች አሉ። ከነዚህ መራቅ ይገባል። አንዳንዶቹ የማይስማማ ድራይቨር ይጭናሉ፤ ሌሎቹም ያልተፈለገ ነገር አስከትለው ይገባሉ። ድራይቨር ከአምራቹ ወይም ከማይክሮሶፍት እንጂ ከሌላ አይወሰድ።

ለ) ኢንተርኔት በስልክ ዳታ የሚጠቀም ሰው፣ መስመሩን በዊንዶውስ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን ብሎ ምልክት ያድርግበት። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ ካልተፈቀደለት በቀር ለአዲስ መሣሪያ የሚሆን ድራይቨር በዚያ መስመር አያወርድም፤ ገንዘብም ይተርፋል።

ሐ) የፈርምዌር ማሻሻያ የሚጫነው ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶና ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ ተገናኝቶለት ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ነጋዴ የመጋዘኑን ቍልፍ ማን እንደሚይዝ፣ ቼክ ላይ ማን እንደሚፈርም ለይቶ እንደሚወስን ሁሉ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥም ማን ምን ይለውጥ ብሎ መወሰን ይገባዋል። ማውዙንና የቍልፍ ሰሌዳውን ዊንዶውስ ያስተዳድር፤ የደረሰኙ ማተሚያና የሚዛኑ ገመድ ግን በባለቤቱ እጅ ይቈዩ። የመሣሪያዎቹ ዝርዝርና የድራይቨሮቹ ፍላሽ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ መሳቢያ ቢቀመጡ፣ በሰኞ ጧት ማተሚያው ዝም ቢል እንኳ የሚባክነው ግማሽ ሰዓት እንጂ ጨረታው አይሆንም።